አምፕሊፋየሩ ወይስ ሠርጉ?

ቫልቭና ትራንዚስተር የተዳቀሉበትን ማጉያ ለመግዛት ላሰባችሁ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። አባባሉ የተነገረው ለሐሜት ቢሆንም የሙዚቃ መስሚያ ዕቃ ሊገዛ ገበያ የወጣ ወጣትንም ሳይመለከት አይቀርም። ሱቅ ውስጥ ቆሞ «አቤት ድምፅ!» ያለለትን ዕቃ ተሸክሞ ቤቱ ያስገባና ሲከፍተው... የሰማው ሌላ፣ የገዛው ሌላ ይሆንበታል። ለመሆኑ ጥፋቱ የጆሮው ነው የሻጩ? ወይስ የዕቃው?

ለዛሬው ጽሑፋችን መነሻ የሆነን ከወደ አርሲ፣ ከጢቾ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይወጣ ስለጠየቀን ስሙን ትተን ፍሬ ነገሩን አሳጥረን እንዲህ አቅርበነዋል።

«...ዕድሜዬ 27 ነው። ከእጮኛዬ ጋር አምስት ዓመት ቆይተናል። ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ሽር ጉድ ላይ ነን። ለሠርጉ ብለን ሁለታችንም እያዋጣን እቁብ ገብተን ነበር፤ ዕጣው ወጥቶልን ብሩ እኔ እጅ ገብቷል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አባቴ ዐይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት ሆነው። ቴሌቪዥኑ አይታያቸውም፤ የቀራቸው ጆሯቸው ነው። በጎልማሳነታቸው የሰበሰቧቸው ስድሳ የሚጠጉ ሸክላዎች አሏቸው። የጥላሁን፣ የማህሙድ፣ የአለማየሁ፣ የአሊ ቢራ... ማጫወቻው ግን ድምፁ ሳስቶ ዝም ካለ ቆየ። በቀደም አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሱቅ ውስጥ ከፊቱ ሁለት ቱቦ የሚያበራ አምፕሊፋየር አየሁ። ሻጩ ‹ድቅል ነው፤ የቫልቩን ለስላሳ ድምፅና የትራንዚስተሩን ጉልበት አንድ ላይ የያዘ› አለኝ። ልቤ ቀለጠ! ለእጮኛዬ ሳልነግራት ቀብድ ሰጥቼ መጣሁ። ስነግራት ‹ወይ እኔን ወይ ቱቦህን ምረጥ!› ብላኝ ካኮረፈች ሳምንት ሆናት። ቀሪውን ልክፈል ወይስ ቀብዴን ላስመልስ? ዕቃውስ የሚባልለትን ያህል ነው?...»

ወንድማችን የጠየቅኸን ሁለት ነገር ነው። አንዱ የጆሮ፣ ሌላው የልብ። የጆሮውን ሳናጠራ የልቡን መዳኘት ስለማይቻል ከጆሮው እንጀምር።

ድቅል ሲባል ምን ማለት ነው?

ለአርሲ ልጅ «ድቅል» አዲስ ቃል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በብዙዎች አፍ «ካዱ» የሚባለው፣ ካመጣቸው ነገሮች አንዱ የፈረንጅ ኮርማና የአገር ላም ማዳቀል ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የፈረንጇን ወተት፣ የአገሯን ቻይነት በአንዲት ላም ማግኘት።

ድቅል አምፕሊፋየርም እንደዚያው ነው። ቫልቭ የሚባለው በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ የታሸገ፣ አየሩ የወጣለት ዕቃ ነው። በውስጡ ያለው ክር ሲግል ኤሌክትሮን ይረጫል፤ መሐል ላይ ያለው ወንፊት መሳይ ሽቦ ደግሞ ያንን ፍሰት እንደ በር ጠባቂ ያሳልፋል፣ ይከለክላል። ትንሹ ድምፅ በሩን ሲነካው ትልቅ ሆኖ ይወጣል። አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ይህን ባለ ሦስት እግር ቫልቭ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። አያቶቻችን ቤት የነበረው፣ ሲከፈት ሞቆ እስኪናገር ደቂቃ ያህል የሚያስጠብቀው ባለ ሳጥን ሬዲዮ የሚሠራው በዚሁ ነበር።

ትራንዚስተር የመጣው በኋላ ነው። በአሜሪካው የቤል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 ተሠራ። ትንሽ ነው፣ አይግልም፣ በባትሪ ድንጋይም ይሠራል። ሬዲዮ መብራት ወደሌለበት ገጠር የገባው በትራንዚስተር ጉልበት ነው። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1972 ዓ.ም. ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ ሲያሸንፍ የሰማው በአባቱ ሬዲዮ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። እንግዲህ ሬዲዮ ገጠር ድረስ ይሰማ ነበር ማለት ነው።

በድቅሉ ውስጥ ሥራው እንዲህ ይከፈላል። ከሸክላው ወይም ከስልኩ የሚመጣውን ቀጭን ድምፅ መጀመሪያ የሚያጎላው ቫልቩ ነው። ስፒከሩን ገፍቶ የሚያንቀሳቅሰውን ጉልበት የሚሰጠው ደግሞ ትራንዚስተሩ። ቫልቭ ብቻውን ስፒከር ሊገፋ ሲፈልግ ከባድና ውድ የሆነ የመውጫ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ድቅሉ ይህን ትራንስፎርመር ስለሚያስቀረው ዕቃው ይቀላል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ መብራትም አይበላም። ሁለት ትናንሽ ቫልቮች ክራቸውን ለማጋል የሚፈልጉት አራት ዋት ያህል ብቻ ነው።

ታዲያ የሚባልለትን ያህል ነው?

አዎም፣ አይደለምም!

ቫልቭ ድምፅን «ለስላሳ» የሚያደርገው ተአምር ኖሮት ሳይሆን ድምፁ ላይ ትንሽ ነገር ስለሚጨምርበት ነው። አንድ ዘፋኝ አንድ ድምፅ ሲያወጣ ቫልቩ ያንኑ ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ በስሱ ይጨምርበታል። ስሕተት ነው፤ ግን ጆሮ የሚወደው ስሕተት! ማር ጠብ እንዳለበት ሻይ በሉት። ሌላው ደግሞ ቫልቭ አቅሙ ሲያልቅ ድምፁን ቀስ አድርጎ ነው የሚጨፈልቀው፤ ትራንዚስተር ግን በመቀስ እንደተቆረጠ ቀጥ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር አለ። በድቅሉ ውስጥ ስፒከሩን የሚገፋው ትራንዚስተሩ ስለሆነ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ስትከፍቱት ቀድሞ አቅሙ የሚያልቀው አብዛኛውን ጊዜ ትራንዚስተሩ ነው። ስለዚህ ያ «ቀስ ብሎ የመጨፍለቅ» ጸጋ በድቅሉ ውስጥ ብዙም አይገኝም። የሚቀረው ማሩ ነው። እሱም ቢሆን ማሩ በትክክል ከተጠበሰ... ማለትም ቫልቩ በልኩ ከተመገበ!

ምን ማለታችን ነው? ለምሳሌ ‹12ኤ ኤክስ 7› የሚባለው፣ በአውሮፓ ስሙ ‹ኢሲሲ 83›፣ በጣም የታወቀ ትንሽ ቫልቭ ነው። በደንብ የሚሠራው ከ100 ቮልት በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከ150 እስከ 250 ቮልት ሲያገኝ ነው። በደህና ድቅሎች ውስጥ ይህን ያገኛል። ለምሳሌ የአሜሪካው ማኪንቶሽ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው ‹ኤም ኤ 252› በየጎኑ 100 ዋት የሚሰጥ እውነተኛ ድቅል ነው። ዋጋው ግን ሠርግ ብቻ ሳይሆን ሠርግና መልስ ያስቀራል። በሌላው ጫፍ ከቻይና የሚመጡ፣ በአንድ እጅ የሚያዙ ትናንሽ ድቅሎች አሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ የሚሠሩት እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ባለ አዳፕተር ስለሆነ ቫልቩ አንዳንዴ የሚያገኘው ጥቂት ዐሥር ቮልት ብቻ ነው። ጾሙን የሚውል ቫልቭ! ያበራል እንጂ ብዙም አይሠራም። ይህ ማለት ዕቃዎቹ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። በውስጣቸው ያለው ትራንዚስተር ለአንድ ሳሎን በቂና ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል። ብቻ የምትከፍሉት ለትራንዚስተሩ እንደሆነ እወቁት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ

እስቲ ገበያ ላይ ያሉትን ሁለት ብልሃቶች እንንገራችሁ።

አንደኛው የመብራቱ ነው። እውነተኛ የቫልቭ ክር የሚያበራው እንደ ከሰል ፍም ደብዘዝ ብሎ፣ በመሐሉ ነው። ሞቆ ለመናገርም ጊዜ ይወስዳል። ከሥሩ በብርቱካንማ ወይም በሰማያዊ ብርሃን ቦግ የሚል ከሆነ ያ ከቫልቩ ሥር የተተከለ ትንሽ አምፖል ነው። ባለፈው የክራር ጉዳይ የሚጠይቅ አንድ ወዳጃችን እንዳለው «ለዐይን እንጂ ለጆሮ አይደለም!»

ሁለተኛው የዋቱ ነው። ‹ፒ ኤም ፒ ኦ› የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ሳቁና እለፉ። በድንጋይ የሚሠራ ቴፕ ላይ «1000 ዋት» ተብሎ ሲጻፍ ያየን ሰዎች ነን። መጠየቅ ያለባችሁ ‹አር ኤም ኤስ› የሚባለውን፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ዋት ነው። ደግሞ ዋት ሲበዛ ድምፅ በዚያው ልክ አይበዛም። ዋቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችሁ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ዐሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። አራት በአራት ለሆነ ሳሎን እውነተኛ ከ20 እስከ 30 ዋት ከበቂ በላይ ነው።

ሸክላ ላለው ሰው

ወንድማችን፣ ያንተ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።

አባትህ የሰበሰቧቸው ሸክላዎች ተራ ዕቃ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማሳተም መብት በንጉሡ ዐዋጅ ለአገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ነበር። ያንን ደፍሮ ነው ያሳተመው። ከእሱ ጋር ካይፋና ፊሊፕስ ተጨምረው፣ ካሴት መጥቶ ሸክላን እስኪተካው ድረስ፣ እነዚያ ባለ 45 ዙር ትናንሽ ሸክላዎች ለዓመታት ከየቡና ቤቱ ተሰምተዋል። ዛሬ ፈረንጅ ፈልጎ የሚያጣቸው ናቸው።

ግን ልብ በል! ከሸክላ መርፌ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከስልክ ወይም ከሲዲ ከሚወጣው በመቶ እጥፍ ያነሰ። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ጎርናናው ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ስለሆነ ሲጫወት መልሶ የሚያስተካክለው ክፍል ያስፈልጋል። ይህ «ፎኖ» የሚባለው መግቢያ ነው። ያየኸው አምፕሊፋየር ከኋላው ‹ፎኖ› የሚል መሰኪያ ከሌለው፣ ማጫወቻውም በውስጡ ይህ ክፍል ከሌለው፣ ሺህ ቫልቭ ቢኖረው የጥላሁን ድምፅ እንደ ትንኝ ነው የሚሰማው። ፎኖ ለብቻው በትንሽ ሳጥን ይሸጣል፤ ከአምፕሊፋየሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ጥቂት ነው።

ከዚያ በፊት ግን መርፌው! «ድምፁ ሳስቶ ዝም ካለ ቆየ» ብለሃል። ሸክላ ማጫወቻ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያረጀ መርፌ ወይም የዛገ ገመድ ነው። ያረጀ መርፌ ደግሞ ድምፅ ማበላሸት ብቻ ሳይሆን ሸክላውን ራሱን ያርሰዋል። ባረጀ መርፌ ላይ ውድ አምፕሊፋየር መቀጠል፣ በደነዘዘ ማረሻ ላይ አዲስ በሬ እንደመጥመድ ነው። የሰበሰባችሁት ሁሉ ተመልሶ አይገኝም!

አንድ ነገር እንጨምር። ሰው ሲያረጅ ጆሮው መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን ነው። እነ ‹ሰ›፣ ‹ፈ›፣ ‹ተ› ይደበዝዙበታል፤ «ይሰማኛል፣ ግን ምን እንደሚል አይገባኝም» ይላል። ለእንዲህ ያለ ጆሮ ጥርት ያለ ድምፅ እንጂ የበለጠ የለሰለሰ ድምፅ አይጠቅመውም። ስለዚህ አባትህን ይዘሃቸው አሰላ ስትወርድ ጆሯቸውን አስመርምር። አንዳንዴ ችግሩ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል። ስፒከሮቹንም ከቡፌው ላይ አውርደህ በተቀመጡበት ጆሯቸው ትክክል አድርጋቸው። ለዚህ ሳንቲም አታወጣም!

መብራቱና ቮልቱ

የኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከውን ዕቃ እንዳለ ሰክቶ ያቃጠለ ስንት ቤት አለ! ከኋላው ያለውን ጽሑፍ ሳታነቡ እንዳትሰኩ። «100-240» ከሚል አዳፕተር ጋር የመጣ ችግር የለበትም። «120» ብቻ የሚለው ግን ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም። በዚህ ምክንያት ሞተሩ በኸርዝ የሚመራ የአሜሪካ ሸክላ ማጫወቻ እኛ ጋ ሲመጣ ይጎተታል፤ 45 ዙሩ ወደ 37 ተኩል ይወርድና ብዙነሽ ወንድ ሆና ትዘፍናለች!

መብራት ሄዶ ሲመጣ ከፍ ብሎ ስለሚመጣ፣ እንደሄደ ዕቃውን ንቀሉ፤ ከመጣ በኋላም ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ማታ ማታ መብራቱ በሚደክምበት ሰፈር ደግሞ የቫልቩ ክር በደንብ አይግልም፤ ድምፁም ይደክማል። ደህና ስታቢላይዘር የሌለው ሰው ለቫልቭ ባይቸኩል ይሻለዋል።

ዳንቴሉን አንሱ!

እናቶቻችን ዳንቴል የማያለብሱት ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑም፣ ቴፑም፣ ፍሪጁም። ቫልቭ ያለው ዕቃ ላይ ግን ዳንቴል ማልበስ ቤት ለማቃጠል መዘጋጀት ነው። የአበባ ማስቀመጫም፣ የቡና ሲኒም አይቀመጥበትም። «ጢቾ ብርድ ነው፣ ምን ይግላል?» እንዳትሉ። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀትን ቶሎ አያነሳም፤ ከላይም ከጎንም አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ብልቃጡ እንደሚያቃጥል አትርሱ። ክዳኑን ከፍቶ መነካካት ግን ጨርሶ አይታሰብም። ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ገዳይ ቮልት ሊቆይ ይችላል።

ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት

1. ብራችሁን ስታከፋፍሉ ግማሹን ለስፒከር መድቡ። የድምፅ ልዩነት በብዛት የሚመጣው ከአምፕሊፋየር ሳይሆን ከስፒከርና ስፒከሩ ከተቀመጠበት ቦታ ነው።

2. የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የመረጠውን ዘፈን አትስሙ፤ እሱ ዕቃው የሚያምርበትን ያውቃል።

3. ሁለት ዕቃ ስታወዳድሩ ድምፃቸውን እኩል አድርጉ። ጆሮ ጮክ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይለዋል። ዐይናችሁን ጨፍኑና ሌላ ሰው ይቀያይርላችሁ። ልዩነቱን መለየት ካልቻላችሁ ርካሹን ግዙ!

4. የቫልቩን ስም ጠይቁና ጻፉት። ‹12ኤ ኤክስ 7› ዓይነቱ የጊታር አምፕሊፋየር ውስጥም ስለሚገባ ባንድ ያላቸው ልጆች ያውቁታል፤ መለወጫውም አይጠፋም። ስሙ ያልታወቀ ቫልቭ ከሆነ ግን ሲሞት አብራችሁ ትቀብሩታላችሁ። ደህና ቫልቭ ሺህ ሰዓታትን ይሠራል፤ ሳይሰሙት ክፍት መተው ግን ዕድሜውን መብላት ነው።

5. የስፒከራችሁ ኦም ከአምፕሊፋየሩ ጋር ይስማማ እንደሆነ አረጋግጡ። ብዙዎቹ 4 ወይም 8 ኦም ናቸው።

6. ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? ሻጩ በጽሑፍ ዋስትና ይሰጣል? ከጢቾ አዲስ አበባ ዕቃ ተሸክሞ መመላለስ የሚያስከፍለውንም ቁጠሩ።

አሁን ወደ ልቡ ጉዳይ

ወንድማችን፣ እጮኛህ የተጣላችህ ከቱቦው ጋር አይደለም። ቱቦው ምን አደረጋት? የተጣላችው «ሳልነግራት» ከምትለው አንዲት ቃል ጋር ነው። እቁቡ የሁለታችሁ ላብ ነው። ነገ በአንድ ጣሪያ ሥር ስትኖሩ ደመወዙም፣ ብድሩም፣ ልጁም የጋራ ይሆናል። ዛሬ ቀብድ የደበቀ ነገ ምን ይደብቅ ይሆን ብላ ብትሰጋ ትፈረድባታለች?

አንተንም ግን አንኮንንህም። ዐይናቸው ለደከመ አባት ጆሯቸውን ደስ ላሰኝ ማለት ምርቃት የሚያስገኝ ሐሳብ ነው። ይህንን ለእሷ በግልጽ ነግረሃታል? ወይስ ስለ ቱቦው ውበት ብቻ ነው ያወራኸው? በደብዳቤህ ውስጥ ስለ አባትህ አራት መስመር ጽፈሃል። እነዚያን አራት መስመሮች ለእሷ አንብብላት።

የኛ ምክር ይህ ነው። መጀመሪያ ሄደህ ይቅርታ ጠይቃት፤ «ግን» የሚል ቃል ሳታስገባ። ቀጥሎ ሻጩን በሰላማዊ መንገድ አነጋግረህ ቀብዱን አስመልስ፤ እምቢ ካለ በዚያው ብር መርፌ፣ ፎኖና ደህና ስፒከር እንዲሰጥህ ተደራደር። ማጫወቻውን ለጠጋኝ አሳይ። አባትህ ያላቸው ማጉያ የሚሠራ ከሆነ በአዲስ መርፌ ብቻ ትንሣኤ ሊያገኝ ይችላል። ካልሠራም ከሠርጉ ገንዘብ ጥቂቱን ብቻ የሚነካ፣ ቫልቭ የሌለው ደህና አምፕሊፋየር ይበቃቸዋል። እውነተኛው ድቅል ተጋብታችሁ፣ ቤታችሁን አቁማችሁ፣ ሁለታችሁም ሱቅ ገብታችሁ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ ሰምታችሁ የምትገዙት ይሁን። ያኔ እሷ «ይሄኛው!» ካለች በቱቦው ላይ የሚጣላ የለም።

ሌሎቻችሁም አንባብያን፣ ዕቃ ስትገዙ ብርሃኑን ሳይሆን ድምፁን፣ ፍቅር ስትይዙ ደግሞ ድምፁን ብቻ ሳይሆን ዝምታውንም ስሙ። ኩርፊያም ቋንቋ ነው!